ያልተሰረዘችው መስመር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሆድ ሥር ተንጋልዬ ኖሬአለሁ። የተቃጠለ ዘይት ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ የሌባ ጣቴን ጫፍ የሞተር ማራገቢያ በልቶታል፣ አንዴ ደግሞ ክሪክ ከድቶኝ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰንጥቋል። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያበገነኝና ከሥራዬ ሊያፈናቅለኝ ለጥቂት የቀረው ግን ከሳህን የማይበልጥ ታብሌት የሚሉት ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኛ ጋራዥ ውስጥ እያንዳንዱ አውቶቡስ ካርድ ነበረው። ወፈር ያለ ወረቀት ነው። ሹፌሩ ሲገባ የታመመውን ይናገራል፣ መካኒኩ በእጁ ይጽፋል፤ ለአንድ ብልሽት አንድ መስመር። ብልሽቱ ሲጠገን መስመሩ በአንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን መነበብ አለበት፣ ማጥቆር ነውር ነው። አመሻሽ ላይ አለቃችን ካርዶቹን አንድ በአንድ ያያል። ሁሉም መስመር ከተሰረዘ አውቶቡሱ በነጋታው ይወጣል። አንዲት መስመር ሳትሰረዝ ከቀረች፣ ሚኒስትር ቢለምን አይወጣም። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፤ እኔም ከቀደሙኝ መካኒኮች እያየሁ ነው የለመድኩት።

እኔ የምሰርዘው በተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ እያሰመርኩ ነው። ስለዚህ «ጋሼ ሰረዝ» የሚል ስም ወጣልኝ። የእጅ ጽሑፌም ያማረ ነው። ራሴን እያሞገስኩ አይደለም፤ ያለችው ሚስቴ ናት፤ እሷ አስተማሪ ናት፣ ሰው በማሞገስ ደግሞ አትታማም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ ተላከች። ፈጣን፣ ቀልጣፋ፣ ጫማዋን ዘይት እንዳይነካባት በእግሯ ጣቶች የምትራመድ ልጅ ናት። ስሟን ነግራን ነበር፤ እኛ ግን «የታብሌቷ ልጅ» አልናት። ለሁለታችን ነባር መካኒኮች አንድ አንድ ታብሌትና አንድ አንድ እስክሪብቶ ሰጠችን። እስክሪብቶው ቀለም የለውም።

«ጋሼ፣ ልክ እንደ ወረቀት ነው» አለችኝ። «እንደለመዱት በእጅዎ ይጻፉበት፣ እሱ ራሱ ወደ ታይፕ ይቀይረዋል።»

«ለምን ይቀይረዋል? የእጅ ጽሑፌ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም ጋሼ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ቁጭ ብለው እንዲያነቡት፣ እንዲቆጥሩት ነው።»

ይቺን «እንዲቆጥሩት» የምትለዋን ቃል ያን ቀን ልብ ብዬ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣብኝ። እኔ ግን ጆሮዬን ለሌላ ነገር ሰጥቼ ነበር፤ የመጀመሪያዋን መስመር ልጽፍ ነበር። «ሞተሩ ዘይት ያፈሳል» ብዬ ጻፍኩ። ታብሌቱ ትንሽ አሰበና «ሞተሩ ዘመድ ያፈሳል» ብሎ አወጣው።

ሁለተኛው መካኒክ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ይሄ ሰውዬ «ነገ ይደርሳል» ይባላል። ምን ብትጠይቁት መልሱ እሱ ስለሆነ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ዛሬ የደረሰ ሥራ አይቼለት አላውቅም። ወሬው ግን የሚጣፍጥ ሰው ነው፣ እጠላዋለሁ ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። መዳፌን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ የማላውቀውን ሥዕል ይስላል። መዳፌን ሳነሣ ደግሞ እጄ ማረፊያ አጥቶ ፊደሉ ይንጋደዳል። እጄ ግራሶ ሲነካው እስክሪብቶው እንደ ሳሙና ይሙለጨለጭብኛል። ጠበቅ አድርጌ ስይዘው የታብሌቷ ልጅ ከኋላዬ ትጮሃለች።

«ቀስ ጋሼ! ሳይጫኑ!»

«ልጄ፣ እኔ ሳልጫን ያጠበቅኩት ቡሎን የለም።»

«ይሄ ቡሎን አይደለማ!»

በሁለተኛው ሳምንት አንዱን መስታወት ሰነጠቅኩት። ሌላ አመጣችልኝ፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ሕፃን እንደምታቀብል ሴት። ደሜ ፈላ፤ ግን የልጅ ፊት አይቼ ምን ልበላት። ጥርሴን ነክሼ ተቀበልኩ። አንድ ጎማ ለመፍታት ከሚወስድብኝ ጊዜ «ጎማ» ብሎ ለመጻፍ የሚወስድብኝ በለጠ።

ከዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አንዲት የወደድኳት ነገር ነበረች፤ ያጠፋችኝም እሷው ናት። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን «ከተሳሳቱ እስክሪብቶውን በጽሑፉ ላይ መለስ መለስ ያድርጉት፣ ይጠፋል» ብላ ነበር። እኔ የማልሳሳት ሰው ነኝና ነገሬም አላልኩ። ማምሻውን ግን የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስን ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቀይሬ ስጨርስ፣ እንደ ልማዴ መስመሯን ልሰርዝ እስክሪብቶውን ጎተትኩት። ቃሉ ተርገፍገፍ አለና እልም አለ።

«አለቃ! ጠፋ!» ብዬ ጮህኩ።

አለቃችንና እኔ በአንድ ቀን የተቀጠርን ሰዎች ነን፤ እሱ ወደ ወንበር ወጣ፣ እኔ ከአውቶቡስ ሥር ያለው የጥገና ጉድጓድ ውስጥ ቀረሁ። መጣና ባዶውን ገጽ አየው።

«ቺንጋው ተቀይሯል አይደል?»

«ተቀይሯል።»

«እንግዲያው ይጥፋ። ምን ታደርገዋለህ?»

ልክ ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨረስኩትን ሁሉ በእስክሪብቶዬ ሳስኬደው እልም ይላል፤ ማታ ላይ ታብሌቴ እንደተጠረገ ወለል ንጹሕ ነው። አለቃም መጥቶ ያያል፣ ባዶ ከሆነ «ጎሽ» ብሎ ያልፋል። የነገ ይደርሳል ታብሌት ግን ከላይ እስከ ታች ጢም ያለ ነው። ምክንያቱም ምኑም አላለቀም። አለቃ በየማታው ሲጮህበት እኔ እጄን ታጥቤ እወጣለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ወሩ ባለቀ በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ አለቃ ቢሮው ጠራኝና «ተቀመጥ» አለኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተቀመጥ ብሎኝ አያውቅም። ቱታዬ ዘይት ነው ብል «ግዴለም፣ ተቀመጥ» አለኝ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት አነበበልኝ። ከሁለቱ ነባር መካኒኮች አንዱ እንዲቀነስ ተወስኗል። የሚቀነሰውም በታብሌት የተመዘገበ ሥራው የሚያንሰው ነው። ነገ ይደርሳል በወሩ ውስጥ መቶ ስድሳ አራት ሥራ አስመዝግቧል፣ ምስጋናም ተጽፎለታል። እኔ ያስመዘገብኩት ሁለት ነው።

«ሁለት?»

«ሁለት።»

«ሁለት መቶ?»

«ሁለት» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። አየሁት። ሁለቱንም አወቅኳቸው፤ ወሩ ባለቀበት ቀን ዕቃ ጠፍቶ ያልጨረስኳቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው።

እግዜር ያሳያችሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ጡረታ የምወጣ ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህች ጎዶሎ ጣቴ፣ ማን ይቀጥረኛል? ነገ ይደርሳልን ረገምኩ፣ ልጅቷን ረገምኩ፣ ታብሌቱን የፈጠረውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩ። አለቃ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ ማስረጃ ካለኝ ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ምን እንደተፈጠረ እሱም አልገባውም፤ እሱ ያየው ባዶ ገጽ የጨረሰ ሰው ገጽ ነው።

ታብሌቱን ብብቴ ሥር ወሽቄ ቤት ገባሁ። ሚስቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተማሪዎች ደብተር ቆልላ ታርማለች። ነገርኳት።

«እስቲ እንዴት እንደምትሠራበት አሳየኝ» አለች። እስክሪብቶውን ተቀብላ «ድመት» ብላ ጻፈች። «በል፣ ይሄን ሥራ ጨረስክ እንበል። ምን ታደርጋለህ?»

ሰረዝኩት። እልም አለ።

«የት ሄደ?»

«አለቀ።»

«የት ሄደ ነው የምልህ!»

«ሠራሁት፣ ሰረዝኩት፣ አለቀ። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

መጀመሪያ ሳቀች። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንዴ ቆመና የቀይ እስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደብተር ላይ ስሰርዝ ምን ማለቴ ነው? ተሳስተሃል ማለቴ ነው። ይሄም የገባው እንደዚያ ነው። ወር ሙሉ ስትጽፍ ስትሳሳት፣ ስትጽፍ ስትሳሳት የኖርክ መስሎታል። ሥራህን በገዛ እጅህ አጥፍተኸዋል።»

ክው አልኩ። ቁጣዬን የማወርድበት ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን ባይ ራሴ ብቻ ነበርኩ። ወር ሙሉ ማታ ማታ ቆሜ እየሳቅኩ ማስረጃዬን ስጠርግ ከርሜአለሁ። ነገ ይደርሳል ደግሞ ባለመሥራቱ ተመስግኗል! ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታው ደብተሮቹ ተበተኑ። ሚስቴ ለቀመቻቸውና እንደ ፈታኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ታስታውሰዋለህ?»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድንም እስከ ምሳ፣ ከዚያች ጠረጴዛ አልተነሣሁም። እሷ ባለመስመር የፈተና ወረቀት ሰጠችኝ። «ሰኞ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ?» ትላለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እፈልጋለሁ። ቀኑን ባላስታውስ ሹፌሩ የተናገረኝን አስታውሳለሁ፣ ያን ባጣ የትኛውን ጣቴን እንደቆረጠኝ አስታውሳለሁ። ስድስት ቁጥር፣ ፍሪሲዮን። ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ የበር አየር። አሥራ ሁለት ቁጥር፣ እንደገና ቺንጋ፣ ምክንያቱም ስቶሩ የሰጠኝ ቺንጋ ርካሽ ነው። እየጻፍኩ፣ በመጋዝ ምላጬ እያሰመርኩ ሰረዝኩ። ለጠረጴዛ ልብሷ ስትል ጋዜጣ አነጠፈችልኝ። መስመሮቹ ሲበዙ ቅስሜ ቀና አለ፤ ዕቃ ስወስድ የፈረምኩባቸው የስቶር ወረቀቶችም ሲመሳከሩ እውነቱ ይወጣል፣ ማንም አይነቀንቀኝም አልኩ።

ዘጠና ሰባተኛዋን መስመር ጻፍኩ። «አርባ ሰባት ቁጥር፦ የኋላ ግራ የፍሬን ጎማ ቱቦ ከብረት ጋር ተፋጭቶ ሳስቷል፣ ይቀየር።» ምላጩን አስደገፍኩ። እጄ ቀረ።

ያ ቀን ዝናብ ነበር። የጋራዡ ጣሪያ ያፈስሳል። ቱቦውን ከስቶር ብጠይቅ ከሰዓት ይመጣል አሉኝ፤ ጻፍኩትና ወደ ሌላ አውቶቡስ ሄድኩ። ታብሌቱ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብበት፣ እየተራገምኩ፣ እስክሪብቶው በእጄ እንዳለ፣ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ ጠረግሁት። ከሰዓት ቱቦውን ይዤ ስመለስ አርባ ሰባት ቁጥር ቦታው ላይ የለችም። ታብሌቴን አየሁ፣ ባዶ ነው። «ነገ ይደርሳል በሕይወቱ አንዴ ቀድሞኝ ሠራ» ብዬ ሳቅኩ። ላመሰግነው ሁሉ ነበር። ቱቦውን መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። እስካሁንም እዚያው ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለው ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ታብሌቱ ይያዝልኝ ብዬ ጭንቅላቴን ያሳረፍኩት በዚያች በአንድ ወር ነው።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቴ።

ነገርኳት። ያሰብኩትን አልደብቅም፦ መስመሯን ብሰርዛት ማን ያውቃል? ወይም ወረቀቱን ቀይሬ ጭራሽ ባልጽፋት? ሰኞ ጎህ ሲቀድ ገብቼ ቱቦውን ብቀይር ማንም ሳያይ ያልፋል። ፍሬኗ የተበላ አውቶቡስ አስወጣሁ ብዬ ኮሚቴ ፊት ከቀረብኩ ግን ያለቀልኝ ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩት።

«አውቶቡሷ አሁን የት ናት?» አለችኝ ሚስቴ።

ተነሣሁ። ለአለቃ ደወልኩ፣ አያነሣም። እንደገና ደወልኩ፣ አያነሣም። ሹፌሯ ስትነዳ ስልክ አትመልስም፤ ይህን ሕጓን ሁሌም አደንቅላት ነበር፣ ያን ቀን አንጀቴን አሳረረችው። አርባ ሰባት ቁጥር እሑድም ሳይቀር ከሆስፒታሉ ተነሥታ በቁልቁለቱ ወደ ገበያ ነው የምትወርደው። በነጠላ ጫማ ወጥቼ ሮጥኩ። በሃምሳ ስድስት ዓመት ሩጫ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ ሦስት ጊዜ ቆሜ አጥር ደገፍኩ።

ከቁልቁለቱ አፋፍ ያለው ማቆሚያ ስደርስ ብቅ አለች። ሹፌሯ «ጡሩምባ» ትባላለች፤ ረጅም ሴት ናት፣ ከፍሬን በፊት እጇ የሚሄደው ወደ ጡሩምባው ነው። መሀል አስፋልት ገብቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ያላትን ጡሩምባ ሁሉ ለቀቀችብኝ። አልተነቃነቅኩም። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«ጋሼ! አብደሃል እንዴ?»

«አጥፊው! ሰዉን አውርጂ!»

«ሞልቻለሁ እኮ! ሰው ቀጠሮ አለበት!»

«አውርጂ አልኩሽ!»

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። አንዱ «ጠጥቶ ነው» አለ። አንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫማዬን አይተው «ወዳመለጠበት ሆስፒታል ይመልሱት» አሉ። በእሑድ ልብሴ ከአውቶቡሷ ሥር ገባሁ። በስልኬ መብራት ቱቦውን አገኘሁት፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ረጥቧል።

«ፍሬኑን አንዴ ርገጪው!» ብዬ ጮህኩ።

ረገጠችው። ቱቦው የሳሳበት ቦታ ላይ እንደ ማስቲካ ተነፋ። «ልቀቂ! ልቀቂ!» አልኳት። ወጥቼ ያየሁትን ስነግራት ወደ ቁልቁለቱ ዞራ አየች፤ ከታች ገበያው፣ ሰዉ፣ ጋሪው። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ቀን ሆናት?» አለችኝ።

«አሥር።»

«አሥር ቀን ሙሉ በየቀኑ ስምንቴ ወርጄበታለሁ» አለች።

አውቶቡሷን አስጎተትን። ቤት ተመልሼ የቀሩትን መስመሮች ጻፍኩ። በጠቅላላው መቶ አርባ ሦስት ሆኑ፤ መቶ አርባ ሁለቱ ተሰርዘዋል፣ ዘጠና ሰባተኛዋ አልተሰረዘችም።

ሰኞ ኮሚቴው የአለቃ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ባለመነጽር ሰውዬ መጥቷል፣ አለቃ አለ፣ የታብሌቷ ልጅ አለች። ወረቀቴን ሰጠሁና የሆነውን ከሥሩ አስረዳሁ። ስለ መሰረዙ ስናገር ልጅቷ አመድ መሰለች።

«ሲጨርሱ እንደሚሰርዙ እኮ ማንም አልነገረኝም!» አለች።

«ማንም አልጠየቀንማ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ፣ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ባለመነጽሩ የስቶር ወረቀቶችን አስመጥቶ አመሳከረ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

«ይቺ ለምን አልተሰረዘችም?»

«አልተሠራችማ።»

«አውቶቡሷ ግን ስትሠራ ነበር።»

«አሥር ቀን። መስመሯን በእጄ ጠርጌ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትናንት ከመንገድ አስቁሜአታለሁ።»

አለቃ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ። «ማታን ሳልጠብቅ፣ ባዶውን ገጽ አይቼ እንድትወጣ የፈቀድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይጥፋ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይጻፍ።» ወንበር ላይ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ባለመነጽሩ ውጭ እንድጠብቅ ነገረኝ። «ውጭ አልጠብቅም» አልኩት። «አርባ ሰባት ቁጥር ጉድጓዱ ላይ ቆማለች፣ ቱቦዋም መደርደሪያ ላይ ነው። የምትፈልጉኝ እዚያ ነኝ።»

ቱቦውን ቀየርኩ። አየሩን ከፍሬኑ መስመር አስወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ነገ ይደርሳል ፔዳሉን እየረገጠ አገዘኝ። እጄን እየጠረግሁ ጡሩምባን «ውሰጃት፣ አልቃለች» አልኳት። እጇን አጣምራ ቆመች።

«መስመሩን አሳየኝ።»

ታብሌቱን አነሣሁላት። ዓይኗን እንኳ አልጣለችበትም።

«ባዶ ነው። ያኔም ባዶ ነበር። መስመሩን አሳየኝ፣ ጋሼ።»

መስመሩ ያለው ላይ፣ እኔን ለማባረር በተቀመጡት ሰዎች እጅ ነው። ምን ላድርግ? ምላጬን ኪሴ ከትቼ ደረጃውን ወጣሁና በሩን አንኳኳሁ። ስለ እኔ እየተከራከሩ ነበር።

«ወረቀቴን ለአንድ ደቂቃ።»

«ማስረጃ ነው» አለ ባለመነጽሩ። «ከእንግዲህ አይነካም።»

«ማስረጃነቱ ይቆይ። አውቶቡሷ ቆማለች።»

አለቃ ወረቀቱን ከሰውዬው ፊት ሳበና እስክሪብቶውን ጨምሮ ሰጠኝ፤ ቀለም ያለውን። ምላጬን ዘጠና ሰባተኛዋ መስመር ላይ አስደግፌ ሰረዝኩ። አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ፣ ከሥሩ የሚነበብ። ቀና ስል ጡሩምባ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆማለች። ማንንም ሳታስፈቅድ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች፣ ጣቷን በመስመሯ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደች። ከዚያ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከታች ሞተሩ ሲነሣ፣ ጡሩምባውም ሦስት ጊዜ ሲጮህ ሰማን። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ በመስኮት ሲያያት ቆየ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ወረድኩ።

ውሳኔው ማክሰኞ መጣ። ከሥራዬ አልተነሣሁም። መቶ አርባ ሁለቱ ሥራ ተቆጠረልኝ። ነገ ይደርሳል ግን ካስመዘገበው አብዛኛው ያላለቀ መሆኑ ታውቆ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ አሁን ዕቃ ስጠይቀው ምን እንደሚለኝ ታውቃላችሁ። ለእኔም ለአለቃም ስለ አርባ ሰባት ቁጥር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብን። አልተከራከርኩም፤ ይገባኛል። የታብሌቷ ልጅ ደግሞ እየሮጠች መጥታ ሲሰረዝ ጽሑፉ ሳይጠፋ ሰረዙ ከላዩ የሚያልፍበት ነገር አሳየችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ውስጥ ነበር አለችኝ። እንዳልጮህ ወደ ጉድጓዴ ወረድኩ።

ሹፌሮቹ ግን ወሬውን ሰምተዋል። አሁን ማታ ማታ እያንዳንዳቸው ብጣሽ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ብልሽቱን ታብሌቱ ላይ እጽፋለሁ፣ «ዘመድ ያፈሳል» ሲለኝ አርማለሁ፣ ከዚያ ያንኑ እንደገና ብጣሿ ላይ በእጄ እጽፋለሁ። ስጨርስም ሁለት ቦታ እሰርዛለሁ። ሥራ ያቃልላል ተብሎ መጥቶ ሥራዬን እጥፍ አድርጎት አረፈ። እምቢ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ጡሩምባ ያቺን ወረቀት አጣጥፋ ደረት ኪሷ ካልከተተች ሞተር አታስነሣም።